የአስተማሪ ኪስ የሚችለው ስጎ

አዲስ አበባ ውስጥ ርካሽ የጣሊያን ምግብ ቤት አለ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አለ እላለሁ። ጥሩም ነው እላለሁ። ርካሽ ስል፣ እኔና ባለቤቴ ሁለት ልጆቻችንንና እናቴን ይዘን ገብተን፣ ጠግበን ወጥተን፣ የወሩ አስቤዛ የማይናጋበት ማለቴ ነው። አስተማሪ ነኝ። ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው። የአስተማሪ ደሞዝ ምን ያህል እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በዚህ ደሞዝ ቤተሰብ ይዞ ወጥቶ፣ የጠረጴዛ ልብስ ያለበት ቦታ ተረጋግቶ ተቀምጦ መብላት የሚቻልበት ቤት ከተማችን ውስጥ እያነሰ ነው። ስለዚህ ያለውን እናመስግን ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ስሙን አልጽፍም። የምግብ ቤቱን ባለቤት፣ ሴትዮዋን፣ ጠይቄያቸው ነበር። "ልጄ፣ ወንበሬ ጥቂት ነው፤ ያሉኝ ደንበኞች ቆመው እንዲጠብቁ አልፈልግም" አሉኝ። ሰፈሩን ግን ልንገራችሁ። ከለገሃር ተነስታችሁ ቸርችል ጎዳናን ወደ ላይ ስትወጡ፣ ዋናውን መንገድ ትታችሁ ወደ ውስጥ ከምትገቡባቸው ቅያሶች በአንዱ ነው። በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በሩ ባለ ሁለት ተካፋች፣ ወለሉ የድሮ የሲሚንቶ ንጣፍ። ግድግዳው ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል፣ የባንክ ካላንደርና የኢትዮጵያ ቡና ስካርፍ ተሰቅለዋል። ሙዚቃ የለም። ሰው ሲያወራ ይሰማል።

አስተናጋጁ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ነጭ ኮታቸው በየቀኑ የታጠበና የተተኮሰ ነው። ትእዛዝ ወረቀት ላይ አይጽፉም። ስድስት ሰው ስድስት ዓይነት ቢያዝም የየሰዉን ሳያምታቱ ያመጡታል። ከሁሉ በላይ የምወድላቸው ግን እውነት መናገራቸውን ነው። አሮስቶው ከትናንት የተረፈ ከሆነ "ዛሬ አሮስቶውን ተወው፣ ልጄ" ይላሉ። ምን ልብላ ብላችሁ ብትጠይቋቸው ውዱን አይነግሯችሁም። የዕለቱን ይነግሯችኋል።

ሜኑው አንድ ገጽ ነው። ስፓጌቲ በስጎ 320 ብር። የጾም ስፓጌቲ በቲማቲም 240። መኮሮኒ በአትክልትም እንደዚያው። ቅዳሜ ቅዳሜ ላዛኛ አለ፣ 420። ኮትሌት፣ አሮስቶ፣ ሚኔስትሮኒ ሾርባ፣ ሰላጣ። ለማጣጣሚያ ክሬም ካራሜል። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ የምትከፍሉት ዋጋ ነው። ቫቱ ውስጡ ነው። ይህን ለምን እንደማነሳ ኋላ እነግራችኋለሁ። ፒዛ የላቸውም። የፒዛ ምድጃው የለም፣ እነሱም ያለ እሱ ፒዛ አይሠራም ብለው ትተውታል። ትክክል ናቸው።

አሁን ወደ ስጎው ልግባ። ለእኔ የዚህ ቤት ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

ስለ ስጎ የማውቀውን ያወቅሁት ከእናቴ ነው። እናቴ ከደብረ ብርሃን አካባቢ በልጅነቷ አዲስ አበባ መጥታ፣ አንድ የጣሊያን ቤተሰብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ተቀጠረች። ሰውየው ጋራዥ ነበረው። ሚስቱን ሲኞራ ነው የምትላት፤ ዛሬም ስታወራ ስሟን ጠርታ አታውቅም። ሲኞራዋ መጀመሪያ ያስተማረቻት ስጎ ነው። ሁለተኛ ላዛኛ። ሦስተኛ ድንች በወተትና በቅቤ። አብዮቱ መጥቶ ቤቱም ጋራዡም ሲወረስ ቤተሰቡ አገር ለቆ ሄደ። እናቴ እጅ ላይ የቀረው ሙያው ነው። እኛን ያሳደገችን በዚያ ሙያ ነው። በየሰዉ ቤት ለልደትና ለክርስትና ላዛኛ እየሠራች።

ታዲያ እናቴን የሚያስደስት ስጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ይዣት የሄድኩ ቀን ፓስታውን አልነካችም። በማንኪያ ስጎውን ብቻ ከዳር አንስታ ቀመሰች። ዝም አለች። ደግማ ቀመሰች። ከዚያ ጋሼን ጠርታ "ወንድሜ፣ ይህን የሠራችውን ሴት ላያት እችላለሁ?" አለቻቸው። ሴትየዋ ሽርጧን እያስተካከለች መጣች። ጎልማሳ ናት። ያወሩትን በደንብ አስታውሳለሁ።

"የኔ እናት፣ ሥጋውን መቼ ነው የምትከቺው?"

"ሽንኩርቱና ካሮቱ ሟሙቶ ካለቀ በኋላ ነው እማማ።"

"ሽንኩርቱን በዘይት ነው የምትጀምሪው?"

"አይ፣ በደረቁ ነው። እንደ ወጥ። ዘይቱ ኋላ ነው የሚገባው።"

"ውሃስ?"

"ውሃ አላስጠጋም። የአጥንት መረቅ ነው በትንሽ በትንሹ።"

"ተባረኪ። እጅሽ ይባረክ" አለችና መብላት ጀመረች።

ያቺ ንግግር ውስጥ ያለውን ነገር ብዙ አሰላስያለሁ። ጣሊያን አገር ስጎ ሲሠራ ሽንኩርቱ በዘይት ወይም በቅቤ ነው የሚጀምረው። በእኛ ቤት ግን ሴቶቻችን ሽንኩርት በደረቁ ማቁላላት ያውቃሉ። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት እየነኩ፣ እያማሰሉ፣ ሳያሳርሩ ሰዓታት የሚቆሙ ሴቶች ናቸው። ስጎ የሚባለው ነገር እጃቸው ሲገባ ያ ትዕግሥት ቀድሞ እዚያ ነበር። ሲኞራዋ እናቴን ስታስተምራት፣ ሽንኩርት እንዴት እንደሚበስል አላስተማረቻትም። እናቴ እያወቀች ነው የገባችው። እንዲያውም እናቴ እንደምትለው ሲኞራዋ የኋላ ኋላ ሽንኩርቱን ለእሷ ትታላት ከምድጃው ዘወር ትል ነበር።

ለዚህ ነው የአዲስ አበባ ስጎ የራሱ ጣዕም አለው የምለው። ቦሎኛ የምትባለው የጣሊያን ከተማ ራጉ የሚሉት የሥጋ ስጎ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1982 የጣሊያን የምግብ አካዳሚ የራጉውን አሠራር በከተማዋ ንግድ ምክር ቤት አስመዝግቧል። እዚያ ውስጥ የአሳማ ሥጋ አለ። ወይን አለ። ወተት አለ። ቲማቲሙ ትንሽ ነው። ከስፓጌቲ ጋርም አይበሉትም፤ ታሊያቴሌ ከሚባለው ጠፍጣፋ የእንቁላል ፓስታ ጋር ነው። የእኛው ሌላ ነው። የበሬ ሥጋ ብቻ። ቲማቲሙ ብዙ፣ ቀላ ያለ። ነጭ ሽንኩርቱ ጠንከር ያለ። የጥብስ ቅጠል አንዲት ዘለላ ገብታ ትወጣለች። እዚህ ቤት ደግሞ መጨረሻ ላይ በሶብላ ጣል ያደርጉበታል። በርበሬ አይገባም። በርበሬ የፈለገ ሚጥሚጣ በትንሽ ሳህን ይቀርብለታል። የቦሎኛ ሰው ይህን ቢቀምስ "ይህ የእኛ አይደለም" ይል ይሆናል። እውነቱን ነው። የእኛ ነው።

ስለዚህ ሰዎች "አይ፣ ይሄ እውነተኛ የጣሊያን ምግብ አይደለም" እያሉ እንዲህ ያሉ ቤቶችን ሲያጣጥሉ ይከፋኛል። መለኪያው ስጎው በደንብ በስሏል ወይ ነው። ሽንኩርቱ በጥርስ ይያዛል ወይ? ቲማቲሙ ጥሬ ጥሬ ይላል ወይ? ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ ቀርቷል ወይስ ከሥጋው ጋር ተዋህዷል? ቲማቲሙ ሳይበስል ሲቀር ስኳር ጨምረው የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፤ በመጀመሪያው ጉርሻ ይታወቃል። ይህኛው ቤት ጠዋት በ2 ሰዓት የተጣደ ስጎ ነው ለምሳ የሚያቀርበው። ሰዓቱን የነገሩኝ ጋሼ ናቸው።

እዚህ ላይ የሙያዬን ነገር ትንሽ ልናገር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የምትገኘው። የአየር ግፊቱ ያነሰ ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም። በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የቱንም ያህል እሳት ብትጨምሩ የፈላ ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ የፓስታው ፓኬት ላይ "ስምንት ደቂቃ" ተብሎ የተጻፈው ሮም ላይ ይሠራል፣ እዚህ አይሠራም። እዚህ ጊዜ ይጨምራል። ሥጋም እንደዚያው። ጅማቱ እስኪለሰልስ ድረስ ከቆላ አገር ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ክፍል ውስጥ ስለ ግፊትና ስለ መፍያ ነጥብ ሳስተምር የማነሳው ምሳሌ ይህ ነው። ተማሪዎቼ የሽሮ ወጥና የፓስታ ነገር ሲነሳ ጭንቅላታቸውን ቀና ያደርጋሉ። አንዲት ልጅ ቤቷ ሄዳ በቴርሞሜትር ለክታ መጥታለች።

በዚህ ምክንያት ብዙ ርካሽ ቤት ፓስታውን ቀድሞ ቀቅሎ ያስቀምጠዋል። ደንበኛ ሲመጣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጎ ያወጣዋል። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሲበዛ ይህ ይገባኛል። ግን ፓስታው ይላሽቃል፤ ስጎውም አይይዘውም፣ ከሥሩ ውሃ ይቀራል። እኛ የምንሄድበት ቤት ሌላ ዘዴ አለው። ግማሽ ያህል ይቀቅሉታል፣ ያጠልሉታል፣ ዘይት ያስነኩታል። ሲታዘዝ መጥበሻ ላይ ከስጎውና ከመቀቀያው ውሃ ጭልፋ ጨምረው እዚያው ያበስሉታል። ውሃው ውስጥ ያለው ስታርች ስጎውን ያያይዘዋል። እናቴ "ፓስታው ስጎውን ጠጣ" ትላለች። ይህ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ማወቅና መጨነቅ ነው የሚጠይቀው።

ስለ አያቴም ማንሳት አለብኝ። ስለ ጣሊያን ምግብ ከልብ ጽፌ ይህን ብዘል ቤታችን ውስጥ ያለውን ነገር ግማሹን መደበቅ ይሆንብኛል።

የእናቴ አባት ፓስታ በአፉ ሳይገባ ነው የሞተው። በወረራው ዘመን ከ1928 እስከ 1933 በሸዋ ከአርበኞች ጋር ጫካ ነበር። ወንድሙ የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ አልታየም። ጃንሆይ በሚያዝያ 1933 ሲመለሱ ሕዝቡን ክፉን በክፉ አትመልሱ አሉ። ብዙ ጣሊያኖችም እዚሁ ቀሩ። መካኒክ፣ ግንበኛ፣ አናጺ፣ ምግብ ቤት ከፋች ሆኑ። እናቴ የገባችበት ቤት ሰውየውም ከእነሱ አንዱ ነበር።

አያቴ አንድ ጊዜ ልጁን ሊጠይቅ ከደብረ ብርሃን መጣ። ሲኞራዋ በአክብሮት ተቀብላ ማዕድ አቀረበችለት። አያቴ አመስግኖ አልበላም አለ። ከኮቱ ኪስ ቆሎ አውጥቶ ቆረጠመ። እናቴ በጣም ጨነቃት። ደጅ ስትሸኘው "አባዬ፣ ሥራውን ልተወው?" አለችው። "ለምን ትተይዋለሽ? በላብሽ ነው የምትበዪው። እኔ ግን አልበላም፤ ሆዴ እሺ አይለኝም" አላት። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ እየመጣ ይጠይቃት ነበር። ቆሎውንም ይዞ ይመጣል። ሰውየውም ነገሩ ገብቶት ኖሮ ማዕድ አቅርቦለት አያውቅም፤ ቡና ብቻ ያስፈላለታል። ቡናውን ይጠጣ ነበር።

ልጆቼ ይህን ታሪክ ያውቁታል። ስድስት ኪሎ ያለው የሰማዕታት ሐውልት ዘንድ ይዣቸው ሄጄ የአያታቸው አጎት ማን እንደነበር ነግሬያቸዋለሁ። ስፓጌቲም ይወዳሉ። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይችላሉ። እኔ ያንን ሰሃን ሳየው የሚታየኝ ወራሪው አይደለም። የእናቴ እጅ ነው የሚታየኝ። ሌላ ሰው ወጥ ቤት ውስጥ ለሌላ ሰው ልጆች ስታማስል የኖረች፣ ከዚያ የተማረችውን ይዛ የራሷን ልጆች ያስተማረች ሴት። አያቴ አልበላም ማለቱንም አከብራለሁ። የእሱ ነው። አብሮት ይሂድ።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ማን ይበላል እዚያ? ከሰኞ እስከ አርብ ምሳ ሰዓት ላይ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው። መታወቂያቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ይመጣሉ። ጡረተኞች አሉ። ሁልጊዜ መስኮት አጠገብ የሚቀመጡ፣ ሚኔስትሮኒ በዳቦ የሚበሉ ሁለት አዛውንት አሉ፤ ሲከራከሩ እንጂ ሲስማሙ ሰምቼ አላውቅም። እሮብና አርብ ቤቱ ይበልጥ ይሞላል። የጾም ፓስታው የታወቀ ነው። ደረቁ ፓስታ እንቁላል የለበትም፣ ስንዴና ውሃ ብቻ ነው። ላዛኛውን ግን እዚያው ቤት በእንቁላል ነው የሚለውሱት፤ ስለዚህ በጾም ቀን አይሠራም። አንድ ቀን አንዲት ወጣት በጾም ላዛኛ በአትክልት ሠሩልኝ ብላ ስትለምን ጋሼ "እናቴ፣ ሊጡ እንቁላል አለበት፤ አላበላሽም" ሲሏት ሰማሁ። መሸጥ ይችሉ ነበር። ማንም አያውቅባቸውም ነበር።

እንጀራም አለ። ስፓጌቲ በእንጀራ የሚያዝ ሰው ብዙ ነው። ጋሼ ግንባራቸውን ሳያጨማድዱ ያመጡለታል። ትንሹ ልጄ እንደዚያ ነው የሚበላው፤ ፓስታውን በእንጀራ ጠቅልሎ ለአያቱ ያጎርሳታል። በየቤታችን ያደግንበት ነው ይሄ። ውድ ቤት ሄዶ እንጀራ ቢጠይቅ ምን ዓይነት ፊት እንደሚያዩት አስቡት።

ስለ ውድ ቤት ካነሳሁ አይቀር፣ ሜሪላንድ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ባለፈው መጥቶ ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ የጣሊያን ምግብ ቤት ጋበዘን። ስሙን አልጠራም። ሰዎቹ ትሁት ናቸው፣ ወንበሩ ይመቻል። ካርቦናራ አዘዝኩ። ካርቦናራ እንቁላል፣ አይብ፣ በጨው የታሸ የአሳማ ጉንጭ ሥጋና ቁንዶ በርበሬ ነው። የአሳማውን አልጠበቅሁም፣ በአገራችን ሌላ ሥጋ መተካታቸው ይገባኛል። የመጣልኝ ግን ክሬም ውስጥ የሚዋኝ ፓስታ ነው፣ ቀዝቅዞ። ሒሳቡ ሲመጣ ሜኑው ላይ ካለው ዋጋ በላይ 15 በመቶ ቫት፣ በዚያ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ተደምሯል። ዘመዴን አፈርኩለት። እኔ ያዘዝኩት አንድ ሰሃን ከእኛ ቤት ሦስት ሰሃን ስጎ ይገዛ ነበር። የሚያስቆጨኝ ዋጋው አይደለም፤ ውድ ቤት ውድ ነው። የሚያስቆጨኝ ያ ሁሉ ገንዘብ ወደ ወንበሩና ወደ መብራቱ ሄዶ ምድጃው ዘንድ ሳይደርስ መቅረቱ ነው።

ርካሹ ቤት ርካሽ ሆኖ ለመቆየት የሚታገለውን ትግል ደግሞ አይቻለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ያኔ የምግብ ቤቱ ባለቤት ሜኑውን ቁጭ ብለው ከለሱት። ስፓጌቲ በቱና ወጣ፤ ቱናው ከውጭ ነው የሚመጣው። የወይራ ዘይቱ ከጠረጴዛ ተነሳ። ፓርሜዛኑ ቀረና በአገር ውስጥ በሚሠራ ፕሮቮሎን አይብ ተተካ፤ ደርቆ እንዲፈገፈግ ጥቂት ቀን ያቆዩታል። ስጎው ላይ ያለውን ሥጋ ግን አልቀነሱም። ዋጋው ጨመረ፣ አዎ። ግን አንዴ ጨመሩ፣ ምክንያቱን ለሁላችንም ነገሩን፣ ከዚያ ቆሙ። "ሥጋውን ቀንሼ ዋጋውን ብተወው ኖሮ ምን ብለህ ትመጣ ነበር?" አሉኝ። እውነት ነው፤ አልመጣም ነበር።

የሚገርመኝ፣ ለዚህ ሰሃን የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ አገራችን ውስጥ መኖሩ ነው። ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ ሥጋው፣ የጥብስ ቅጠሉ። ስንዴውም ጭምር። ፓስታ የሚሠራው ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ ነው። ዱረም ደግሞ አገራችን ውስጥ ከጥንት ጀምሮ አለ። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ገበሬው ማሳ ላይ ባየው የስንዴ ዓይነት ብዛት ተደንቆ ነው የሄደው። እስከ ዛሬ ተመራማሪዎች ኢትዮጵያን የዱረም ስንዴ ብዝኃነት ማዕከል ከሚሏቸው አገሮች ይቆጥሯታል። ባሌ ውስጥ ሲናና የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል በዚህ ስንዴ ላይ ይሠራል፤ የባሌ ገበሬዎችም ለፓስታ ፋብሪካ ያቀርባሉ። ይህን ለእናቴ ስነግራት አልገረማትም። "ታዲያ ጣሊያን ከየት ያመጣው መሰለህ?" ነው ያለችኝ። የስንዴው ጉዞ በቀጥታ እንደዚያ ነው ብዬ አልከራከርላትም፤ ግን አላረምኳትም።

ከምሳ በኋላ ማኪያቶ እናዛለን። ማሽኑ አሮጌ ነው፣ ድምፁ ያስደነግጣል፣ ቡናው ግን ጥሩ ነው። ልጆቹ ክሬም ካራሜል ይካፈላሉ። በዓል ሲሆን እናቴ አንድ ብርጭቆ ጉደር ትጠጣለች። ግማሹን ነው የምትጠጣው፤ ግማሹን ባለቤቴ ትጨርስላታለች።

ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ፣ ካዛንቺስም ሲከተል፣ ብዙ እንዲህ ያሉ ቤቶች አብረው ሄደዋል። ማኪያቶ እየጠጣን ያደግንባቸው፣ ኬክ የገዛንባቸው፣ አንዳንዶቹ ስማቸው እንኳን በሩ ላይ ያልተጻፈ። ከተማ ይለወጣል፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛ መሄጃው አምሯል፤ ልጆቼን ይዤ ማታ ማታ እሄድበታለሁ፣ ደስ ይለኛል። ግን አዲሱ ሕንፃ ሥር የሚከፈተው ምግብ ቤት ኪራዩ ከባድ ነው። ኪራዩ ከባድ ሲሆን ስጎው ጠዋት በ2 ሰዓት አይጣድም፤ ሠራተኛ ይቀነሳል፣ የታሸገ ይከፈታል። የባለቤቷ ቤት አሮጌ የቀበሌ ቤት ነው፤ ኪራዩ ቀላል ስለሆነ ነው ሰሃኑ ቀላል የሆነው። እንደ አስተማሪ፣ እንደ አባት የምጠይቀው ይህን ነው፦ መካከለኛ ደሞዝ ያለው ሰው የሚቀመጥበት፣ ምግቡ በትክክል የሚበስልበት ትንሽ ቤት በአዲሱ ከተማ ውስጥ ቦታ ይያዝለት። ለሱቅ፣ ለባንክ፣ ለካፌ ቦታ ይታሰባል። ለእነዚህም ይታሰብ።

ልትሄዱ ካሰባችሁ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። እሁድ ዝግ ነው። በሥራ ቀን ከ6 ሰዓት ተኩል በፊት ካልደረሳችሁ ወንበር ማግኘት ይከብዳል፤ ከ8 ሰዓት በኋላ ደግሞ ስጎው ያልቃል፣ ካለቀም አዲስ አይጣድም። ስፓጌቲው ለአዋቂ ይበቃል፤ ለልጅ ግማሽ ሰሃን ብላችሁ እዘዙ፣ በግማሽ ዋጋ ይሰጣችኋል። በቴሌብር ይቀበላሉ። ለጋሼ የምትተዉትን ግን በእጃቸው ስጡ፣ ጠረጴዛ ላይ አትተዉት። ላዛኛ የምትፈልጉ ከሆነ ቅዳሜ ነው፤ አርብ ማታ ደውላችሁ ካላስያዛችሁ አንድ ትሪ ብቻ ስለሚሠራ አይደርሳችሁም።